ሳይፈርሙ በፊት

አዘዞ ላይ ሥራ ሲፈልግ የከረመ ወጣት የግል ድርጅት የቅጥር ውል ሲሰጠው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ደመወዙ ላይ ነው፤ አሳሪዎቹ አንቀጾች ግን ከዚያ በታች ናቸው። ሲመዝናቸው ሕግ የማይፈቅደውንና እሱ ፈቅዶ የሚገባበትን ይለይ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት፣ መደበኛው የሥራ ሰዓትም በሳምንት ከ48 ሰዓት እንዳይበልጥ ወስኗል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት ቢያንስ 16 የሥራ ቀናት ፈቃድም ይሰጣል። ውል ከዚህ ያነሰ መብት ሊደነግግ አይችልም። ስለዚህ «ስድስት ወር ሙከራ» የሚለው አንቀጽ ያስቆጣ እንደሆነ እንጂ ያን ያህል አያስፈራም። የሚያስፈራውስ ሌላ ነው፦ ሠልጥኖ ቢለቅ የሚከፍለው ገንዘብ፣ አጎቱን በዋስነት የሚያስጠይቀው ግዴታ፣ አዘዞ ብሎ የተቀጠረውን ነገ መተማ የሚያደርሰው የዝውውር አንቀጽ። እነዚህን ተደራደሩባቸው፤ ገንዘቡ በቁጥር፣ ጊዜው በቀን ተወስኖ ይጻፍ። የሥራ ችግር አንገት እንደሚያስደፋ አውቃለሁ። ቢሆንም ውሉን ቤት ወስዶ ማንበብን የሚከለክል አሠሪ አያዋጣም፤ ከፈረማችሁም ቅጂውን ሳትይዙ አትውጡ።