ጀማሪው የተደናቀፈበትን ጻፉ፣ ለሠሪዎቹም አድርሱ

የክፍት ምንጭ ሶፍትዌር ዛሬ በችሎታ የሚታማ አይደለም። በነፃው የአኒሜሽን ፕሮግራም በብሌንደር የተሠራው የላትቪያ ፊልም «ፍሎው» በ2025 ኦስካር ወስዷል (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ሊብሬኦፊስ ደብዳቤውንም የሒሳብ ሠንጠረዡንም ይሠራል፤ የአማርኛ ገጽታም አለው። ጂምፕ ፎቶ ያስተካክላል፣ ኢንክስኬፕ አርማና ፖስተር ይሠራል፣ ኦዳሲቲ ድምፅ ይቀዳል። ሁሉም ያለ ክፍያ ይገኛሉ። ሆኖም ብዙ ተማሪና ብዙ ትንሽ ድርጅት ክራክ የተደረገ የንግድ ሶፍትዌር መጫንን ይመርጣል። ምክንያቱ ልማድ ብቻ አይመስለኝም። ነፃውን ፕሮግራም የከፈተ ጀማሪ ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች አንድ ቦታ ይደናቀፋል፤ «እኔ ነኝ ያልገባኝ» ብሎ ይዘጋዋል። የት እንደተደናቀፈ ግን ፕሮግራሙን የሠሩት ሰዎች አይሰሙም። ይህን ጥሪ የማቀርበው ያን መረጃ ሰብስበን እንድናደርስላቸው ነው።

የጂምፕን ነገር እንመልከት። ጀማሪው የጄፔግ ፎቶ ከፍቶ ጠርዙን ይቆርጥና እንደለመደው ሴቭ ያደርጋል። የሚያገኘው ግን ኤክስሲኤፍ በሚባለው በጂምፕ የራሱ ቅርጸት የተቀመጠ ፋይል ነው። ለማተሚያ ቤት ወይም በቴሌግራም ለወዳጁ ቢልከው ተቀባዩ አብዛኛውን ጊዜ ሊከፍተው አይችልም። ጄፔግ ለማግኘት «ኤክስፖርት» የሚል ሌላ ትእዛዝ መፈለግ ነበረበት። ይህ አሠራር የመጣው በ2012 በወጣው 2.8 ሥሪት ሲሆን ምክንያቱም የሚናቅ አይደለም፤ ጄፔግ ሌየሮችን ስለማይዝ፣ ለሰዓታት የደከመ ባለሙያ ሥራውን ሳያውቅ እንዳያጣ ታስቦ ነው። ሠሪዎቹ ልክ ናቸው፤ የጀማሪው ግራ መጋባትም እውነት ነው። በኋላ የተገኘው መፍትሔ ትንሽ ነበር፦ የፋይሉን ስም መጨረሻ «.jpg» አድርጎ ሴቭ ለማድረግ ለሞከረ ሰው በቀጥታ ወደ ኤክስፖርት መስኮት የሚወስድ ቁልፍ ተጨመረ። ባለሙያው ምንም አልቀረበትም፣ ጀማሪው መውጫ አገኘ። ያም ሆኖ ያን መጨረሻ መጻፍ ያልመጣለት ሰው ቁልፉን ዛሬም አያየውም። ይህን የሚያውቅ ጀማሪውን ቁጭ ብሎ ያየ ሰው ብቻ ነው።

ሠሪዎቹ ራሳቸው ለምን አያዩትም? አንድን ፕሮግራም ለዓመታት የሠራበት ሰው እጁ መንገዱን ስለለመደ እንቅፋቱን ሳያስተውል ያልፈዋል። ድክመቱ የስንፍና አይደለም፤ የልምድ ነው፤ መድኃኒቱም የሌላ ሰው ዓይን ነው። ሰን ማይክሮሲስተምስ የተባለው ኩባንያ በ2001 ጂኖም የሚባለውን ዴስክቶፕ ለማያውቁት ሰዎች ሰጥቶ ተራ ሥራዎች ሲሠሩበት ተመለከተ፤ በማግስቱ ዓመት ጂኖም የራሱን የገጽታ ንድፍ መመሪያ አወጣ። ለዚህ ብዙ ሕዝብ መሰብሰብም አያስፈልግም። የሶፍትዌር አጠቃቀም ተመራማሪው ያኮብ ኒልሰን በ2000 ባቀረበው ስሌት አምስት ሰዎችን መፈተን ከችግሮቹ 85 በመቶ ያህሉን ያወጣል። ስሌቱ ለሁሉም ዓይነት ሥራ እኩል አይሠራም ብለው የተከራከሩ ተመራማሪዎች አሉ፤ ነገር ግን ማንንም ሳይመለከቱ ከመቅረት አንድ ሰውም ቢሆን መመልከት እንደሚሻል የሚክድ የለም።

«ለጀማሪ ማቅለል ለባለሙያ ማበላሸት ነው» የሚለው ተቃውሞ ጠንካራ ነው፤ ቁልፍ እየቀነሱ ነባር ተጠቃሚን ያስቀየሙ ፕሮጀክቶች ነበሩና። ብሌንደር ግን ሌላ መንገድ አሳይቷል። እስከ 2.79 ሥሪት ድረስ አንድን ነገር ለመምረጥ የሚጫኑት የማውሱን ቀኝ ቁልፍ ነበር፤ ከሌላ ፕሮግራም የመጣ ሰው ሁሉ እዚያ ላይ ይቆም ነበር። በ2019 የወጣው 2.80 የግራውን ቁልፍ መነሻ ሲያደርግ፣ የቀኙን የለመደ ሰው ገና ሲከፍተው እንዲመርጥ ዕድል ሰጠው። የተለወጠው መነሻው እንጂ አቅሙ አልነበረም። «መመሪያውን ያንብብ» የሚሉም አሉ። ፎቶ ቆርጦ ለመላክ የእንግሊዝኛ መመሪያ አንብብ የተባለ ሰው ክራኩን ቢመርጥ አልፈርድበትም። «በነፃ ከሚሠሩ ሰዎች ምን እንጠይቃለን?» ለሚሉት ደግሞ መልሴ፣ በጥንቃቄ የተጻፈ ሪፖርት ራሱ የበጎ ፈቃድ ሥራ ነው የሚል ነው። ማማረርና ማስረዳት ይለያያሉ።

ስለዚህ በሚመጣው አንድ ወር ውስጥ አንድ ጀማሪ፣ አንድ ፕሮግራምና አንድ ሥራ ምረጡ። እኅታችሁ በሊብሬኦፊስ የሥራ ማመልከቻ ትጻፍ፣ ወይም ጎረቤታችሁ በኦዳሲቲ ድምፅ ይቁረጥ። ፈቃዳቸውን ጠይቁ፤ የሚፈተነው ፕሮግራሙ እንጂ እነሱ እንዳልሆኑ ንገሯቸው፤ ከዚያ ማውሱን አትንኩ፣ ፍንጭም አትስጡ። የቆሙበትን፣ የጫኑትን፣ ይሆናል ብለው የጠበቁትንና የሆነውን ጻፉ፤ የፕሮግራሙን ሥሪት ቁጥር ጨምሩ፤ ስማቸውን ግን ተዉት። አስቀድሞ የቀረበ ተመሳሳይ ሪፖርት ካለ ፈልጉ፤ ከሌለ ለእያንዳንዱ ችግር አንድ ሪፖርት ላኩ። ሊብሬኦፊስ በባግዚላ፣ ጂምፕና ኢንክስኬፕ በጊትላብ፣ ኦዳሲቲ በጊትሃብ ይቀበላሉ። እንግሊዝኛ የሚከብዳችሁ ከሚችል ጋር ተጣመሩ። አማርኛውን ገጽታ የምትሞክሩ ደግሞ ጀማሪውን «ይህ ሜኑ ምን የሚሠራ ይመስልሃል?» ብላችሁ ጠይቁት፤ ያልገባው ቃል ካለ በሊብሬኦፊስ የትርጉም ገጽ በዌብሌት ላይ የተሻለውን አቅርቡ።

የኮምፒውተር ሳይንስ መምህራን ከዚህ የሚበልጥ ማድረግ ትችላላችሁ፤ ከመመረቂያ ፕሮጀክቶቹ አንዱ አምስት ጀማሪዎችን መፈተንና ቢያንስ ለአንዱ ችግር የተስተካከለ ኮድ ማቅረብ ይሁን። ሪፖርቱ ከሄደ በኋላ ከሠሪዎቹ ጥያቄ ሊመጣ ይችላል፤ ሳትሰለቹ መልሱ። ማስተካከያውን የያዘው ሥሪት ሲወጣም ያንኑ ሥራ ለሌላ ጀማሪ ስጡና ያያችሁትን እዚያው ሪፖርት ላይ ጨምሩ።