እንግዳን ስለ መቀበልና የእግር መንገድን ስለ ማበጀት

እንግዳን መቀበል በኢትዮጵያ ሕዝብ ዘንድ ከጥንት ጀምሮ የተወደደ ልማድ መሆኑን የማያውቅ የለም። እንግዳ ከደጅ ሲደርስ እግሩን ይታጠባል፤ መኝታ ይነጠፍለታል፤ ከቤት የተገኘውም ሁሉ ይቀርብለታል። ይሁን እንጂ መስተንግዶ በቤት ውስጥ ብቻ የሚፈጸም ሥራ አይደለም። አበ ብዙኃን አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስቱን እንግዶች ካበላ በኋላ በድንኳኑ ደጃፍ ተሰናብቶ እንዳልቀረ፥ ነገር ግን ሊሸኛቸው አብሯቸው እንደ ሄደ በኦሪት ዘፍጥረት ተጽፎ ይገኛል። በኢትዮጵያ ገጠርም ባለቤት እንግዳውን እስከ ወንዙ ወይም እስከ ኰረብታው ራስ ሸኝቶ፥ የሚይዘውን አቅጣጫ አሳይቶ፥ ክፉ ውሻ ካለበት ደጅ አሳልፎ ይመለሳል። እንግዲህ ከእንግዳ ተቀባይ ሁለት ነገር ይፈለጋል፤ አንደኛው ቤት ነው፤ ሁለተኛውም መንገድ ነው።

የጐንደር ከተማ የመጀመሪያውን በብዙ ድካም አሟልታለች። ከከተማው በላይ በኰረብታ ላይ ከተሠራው ከጎሃ ሆቴል ጀምሮ በፒያሳ ዙሪያና ወደ አዘዞ በሚወስደው መንገድ ግራና ቀኝ እስካሉት ድረስ ማደሪያ ያጣ እንግዳ አይኖርም። ሁለተኛው ግን፥ ይኸውም ከማደሪያ ወደ ማደሪያ፥ ከማደሪያም ወደ ቅርስና ወደ ቤተ ክርስቲያን በእግር የሚኬድበት መንገድ፥ ገና ባለቤት አላገኘም። ምክንያቱም ግልጽ ነው። ባለ ሆቴሉ እስከ አጥሩ በር ያለውን ያስጌጣል። የቅርስ ጠባቂው ከግንቡ ቅጥር ወደ ውስጥ ያለውን ይጠብቃል። የቤተ ክርስቲያን አስተዳዳሪም ስለ ቅጽሩ ያስባል። ማዘጋጃ ቤቱ በበኩሉ መንገድ በተባለ ጊዜ አስቀድሞ የሚታሰበው ተሽከርካሪው ነው። እያንዳንዱ የራሱን ድርሻ በትጋት ሲሠራ፥ በአንዱ በርና በሌላው በር መካከል ያለው ቦታ የማንም ሳይሆን ይቀራል። እንግዳውም በእግሩ መሄድ እንደሚቻል የሚነግረው ስለማያገኝ በባጃጅ ወይም በመኪና ተጭኖ ከደጅ ወደ ደጅ ይወሰዳል።

ጐንደር ግን ከመጀመሪያው በእግርና በበቅሎ ለሚሄድ ሰው የተቈረቈረች ከተማ ናት። ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. መናገሻቸው ካደረጓት ወዲህ ከ200 ዓመት በላይ የነገሥታት መቀመጫ ስትሆን፥ ግቢውም፥ ገበያውም፥ አድባራቱም ሰው በእግሩ ሊደርስባቸው በሚችልበት ርቀት ተሠሩ። የፋሲል ግቢ ቅጥር ዙሪያው 900 ሜትር ያህል ነው፤ በዝግታ የሚሄድ ሰው በሩብ ሰዓት ይዞረዋል። ከዚያ ከጃን ተከል ዋርካ ተነሥቶ ቀሃ ወንዝ አጠገብ እስካለው እስከ ባሕረ ጥምቀቱ 2 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ዐፄ አድያም ሰገድ ኢያሱ ያሠሯት፥ ድርቡሽ በ1880 ዓ.ም. ከተማይቱን ባቃጠለ ጊዜ ከጥፋት የተረፈችው ደብረ ብርሃን ሥላሴም ከግቢው በእግር የምትደረስ ናት። እቴጌ ምንትዋብ ያሳነጿት የቍስቋም ደብር ብቻ ወደ ኰረብታው ስለምትወጣ ጥቂት ታደክማለች። የፋሲል ግቢ በ1972 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ከቅጥሩ ውጭ ያሉት ባሕረ ጥምቀቱ፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴና ቍስቋም አብረው መቈጠራቸው እነዚህ ሁሉ የአንድ ታሪክ ክፍሎች መሆናቸውን ያስረዳል። አንዱን ክፍል ከሌላው የሚያገናኘው መንገድ ከተረሳ ግን ታሪኩ ቅጠሉ እንደ ተበተነ መጽሐፍ ይሆናል።

በእግር መሄድ ለእንግዳው ደስታ ብቻ የሚሆን ጉዳይ አይደለም፤ የከተማው ሕዝብ እንጀራም አለበት። በመኪና ከደጅ ወደ ደጅ የተወሰደ እንግዳ ገንዘቡን ለሆቴሉና ለሾፌሩ ብቻ ትቶ ይሄዳል። በእግሩ የሚሄደው ግን ቡና ከምታፈላው ሴት ዘንድ ይቀመጣል፤ ከሸማኔው ጋቢ ይገዛል፤ ከሊስትሮው ልጅ ፊት እግሩን ያነሣል። በአንድ ሰዓት መንገድ ላይ የአንድ ሰው ገንዘብ ለብዙ ሰው ይዳረሳል። የቱሪስት ገቢ ለሕዝቡ አልደረሰም ተብሎ በየስብሰባው ቅሬታ ሲሰማ ገንዘቡ በየት በኩል እንደሚያልፍ መመርመር ይገባል፤ በመስኮት ለሚያየው መንገደኛ የሚሸጥለት የለምና።

የጐንደር ሕዝብ በእግር መሄድን ከማንም የሚማረው አይደለም። በየዓመቱ ጥር 10 ቀን ታቦታቱ ከየአድባራቱ ወጥተው ካህናቱ እየዘመሩ፥ ሕዝቡም እየተከተለ ወደ ባሕረ ጥምቀቱ የሚወርዱት በእግር ነው። በማግሥቱም፥ የቅዱስ ሚካኤልም ታቦት ጥር 12 ቀን፥ ወደ መንበራቸው የሚመለሱት በእግር ነው። የጥምቀት በዓል በ2012 ዓ.ም. በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ፥ የተመዘገበው የውሃው በረከት ብቻ ሳይሆን ይህ የጉዞ ሥርዓትም ጭምር ነው። በዚያው ዓመት በጥምቀት ዕለት በባሕረ ጥምቀቱ ቅጥር ለተመልካች የተሠራ የእንጨት መቀመጫ ተደርምሶ ቢያንስ 10 ሰዎች መሞታቸው አይዘነጋም። ይህ ኀዘን ያስተማረው ነገር ቢኖር ብዙ ሕዝብ የሚሰበሰብበትን ስፍራ፥ የሚቆምበትንም፥ የሚገባበትንና የሚወጣበትንም አስቀድሞ በምክር ማሰናዳት የነፍስ ጉዳይ መሆኑን ነው። በዓመት አንድ ቀን ለብዙ ሺህ ሕዝብ የሚበቃ መንገድ፥ በቀረው ዘመን ሁሉ ለጥቂቱ መንገደኛ ምቾት ይሆናል።

የውጭው ዓለም ምሳሌም ይህንኑ ያስረዳል። በአሜሪካ በፍሎሪዳ ክፍለ ሀገር በ1964 ዓ.ም. የተከፈተው የዲዝኒ መናፈሻ የተባለው ታላቅ የመዝናኛ ስፍራ፥ መናፈሻውንም ሆቴሎቹንም የሚያስተዳድር አንድ ኩባንያ ነው። ከሆቴሎቹ አንዱ ከመነሻው የእግር መንገድ ነበረው። ፖሊኔዥያን በተባለው ያደረ እንግዳ ግን መናፈሻውን በሐይቁ ማዶ በዓይኑ እያየ በጀልባ ወይም በባቡር ካልሆነ በቀር በእግሩ ሊደርስበት አይችልም ነበር። ቦዩን የሚያሻግር ድልድይ ተሠርቶ ከዚያ ወገን ካሉት ሆቴሎች እስከ መናፈሻው በር የእግር መንገድ የተከፈተው በ2013 ዓ.ም. ነው፤ ይህም ከ49 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። ገንዘብ የሞላውና ጌታው አንድ የሆነ ስፍራ ይህን ያህል ከዘገየ፥ ባለቤቱ ብዙ በሆነበት ከተማ የእግር መንገድ በራሱ ጊዜ ይበጃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ደግሞም በዚያ ሰው ሠራሽ ግንብ ለማየት ይህን ያህል ከተደከመ፥ ነገሥታት ለተቀመጡበት እውነተኛ ግንብ ምን ያህል መድከም እንደሚገባ አንባቢው ይፍረድ።

ከከተማው ወጥቶ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ተጕዞ ደባርቅ የደረሰ ሰው፥ ይኸው ነገር በደጋው አገር እንዴት እንደሚታይ ይረዳል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. በሕግ የተቋቋመ፥ በ1970 ዓ.ም. ደግሞ ከመጀመሪያዎቹ የዓለም ቅርሶች ጋር የተመዘገበ ነው። በዚያ ከማደሪያ ወደ ማደሪያ የሚወስደው የእግር መንገድ ራሱ የአገሩ ሀብት ነው። ከሳንቃበር ተነሥቶ የጅንባርን ፏፏቴ እያዩ ወደ ግጭ፥ ከግጭም በእመት ጎጎ አፋፍ አልፎ ወደ ጨነቅ መሄድ ጭላዳውን በጓሳው መካከል፥ ዋልያውንም በገደሉ ላይ ለማየት ያበቃል። የመኪና መንገድም ስላለ ጨነቅን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል። ነገር ግን በእግሩ የሚሄደው ሰው ሦስትና አራት ቀን ሲያድር መንገድ መሪው፥ ጠመንጃ ይዞ የሚከተለው ጠባቂ፥ ባለ በቅሎው፥ ምግብ አብሳዩም የቀን ዋጋቸውን ያገኛሉ። ፓርኩ በ1989 ዓ.ም. በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ተራ ሲገባ፥ በውስጡ የሚያልፈው የመኪና መንገድ ካሳሰቡት ነገሮች አንዱ ነበር። ከዚያ ተራ የወጣው በ2009 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት በ2008 ዓ.ም. ከ400 የሚበልጡ የግጭ አባወሮች ለዱር አራዊቱ ሲባል አገራቸውን ለቀው ወደ ደባርቅ ወርደዋል። የአባቶቻቸውን ርስት ለቀው ለወረዱት ሰዎች፥ በዚያ ርስት ላይ የሚያልፈው የእግር መንገድ ለልጆቻቸው ሥራ እንዲሆን ማድረግ ዕዳ እንጂ ችሮታ አይደለም።

ይህን ሐሳብ የሚቃወም ሰው፥ እንግዳው በጠፋበት ጊዜ ለእንግዳ መንገድ መሥራት ምን ይረባል ይል ይሆናል። በሰሜን ኢትዮጵያ በ2013 ዓ.ም. የተነሣው ጦርነት፥ ቀጥሎም ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የደረሰው ግጭት የእንግዳውን ቍጥር እጅግ እንዳሳነሰው፥ የባለ በቅሎውንም ቤት እንዳስራበ እውነት ነው። ሰላም ከሌለ መንገድ ብቻውን እንግዳ አያመጣም። ዳሩ ግን የእግር መንገድ ከሌላው ሥራ የሚለየው እንግዳ ባይመጣም የሚያገለግለው መኖሩ ነው። በክረምት ጭቃ ትምህርት ቤት የሚሄደው ሕፃን፥ በሌሊት ለኪዳን የሚነሡት ሽማግሌ ካህን፥ ሸክም ይዛ ወደ ገበያ የምትወርደው ሴት፥ እነዚህ ሁሉ ከእንግዳው አስቀድመው ይጠቀሙበታል። ዕድሜ የተጫነውና እግሩ የታመመው ሰውም ቢሆን ባጃጁ አይከለከልበትም፤ የሚፈለገው መሄድ ለሚችለው መሄጃ እንዲኖረው ብቻ ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ ቢባል፥ ሥራው ብዙ ገንዘብ ከመፈለጉ አስቀድሞ ስምምነት ይፈልጋል። በመጀመሪያ የከተማው አስተዳደር፥ የባህልና ቱሪዝም መሥሪያ ቤቱ፥ የአድባራቱ አስተዳዳሪዎችና ባለ ሆቴሎቹ በአንድ ጉባኤ ተቀምጠው ግቢውን፥ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፥ ባሕረ ጥምቀቱንና ቍስቋምን ከየማደሪያው ጋር የሚያገናኝ አንድ የእግር መንገድ ይወስኑ፤ የሚጠብቀውንም መሥሪያ ቤት በስሙ ይሰይሙ። በቅርብ ዓመታት በኮሪደር ልማት ሥራ በዋና ዋና መንገዶች ላይ ለእግረኛ የተሰጠው ስፍራ መልካም ጅምር ስለ ሆነ፥ ከዋናው መንገድ ወደ አድባራቱ የሚገቡትን ጠባብ መንገዶችም እንዲደርስ ያስፈልጋል። ሁለተኛ፥ በየማዞሪያው ርቀቱንና የሚወስደውን ደቂቃ በአማርኛና በውጭ ቋንቋ የሚናገር ምልክት ይተከል፤ የተከፈተ ቦይ ይከደን፤ በሌሊት መብራት፥ በቀንም የዛፍ ጥላ ይኑር፤ ድንጋዩም ከአገሩ የተጠረበ ይሁን፤ አዲስ ሥራ የጥንቱን መልክ እንዳያበላሽ ጥንቃቄ ይገባዋልና። ሦስተኛ፥ ባለ ሆቴሎቹ መንገዱ የተሣለበትን ወረቀት ለእንግዳው ይስጡ፤ አስተናጋጆቻቸውም ሩቅ ነው ብለው እንዳይመልሱት ይምከሩ። አራተኛ፥ ካህናቱ የቅዳሴውንና የጉብኝቱን ሰዓት ለይተው በቅጽሩ በር ያስታውቁ፤ ታሪክ የሚያስረዳ ዲያቆንም ያቁሙ። ይህ ቢሆን እንግዳው በሥርዓት ይገባል፤ ጸሎቱም አይታወክም። በሰሜን ተራሮችም ከክረምት በኋላ የፈረሰውን የእግር መንገድ የሚጠግኑት የዚያው አገር ሰዎች ይሁኑ፤ ዋጋቸውም በጊዜው ይከፈላቸው።

ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል ይባላል፤ ከተማም እንደዚሁ ነው። ግንቡን የሠሩት ነገሥታት ለተተኪው ትውልድ ቤቱን ትተውለታል፤ ወደዚያ ቤት የሚያደርሰውን መንገድ ማበጀትና መጠበቅ ደግሞ ዛሬ በሹመትም ሆነ በክህነት አደራ የተሰጠው ሁሉ ድርሻ ነው። ሰላሙ ጸንቶ እንግዳው በተመለሰ ጊዜ ጐንደር ከደጇ ወጥታ የምትሸኘው መሆን አለባት። ያን ጊዜ መንገዱን መጀመር ዘግይቶ መገኘት ስለ ሆነ፥ የሚመለከታቸው ሹማምንትና ሊቃውንት ከአሁኑ ቢመክሩበት ለከተማይቱ ክብር፥ ለሕዝቡም ጥቅም ይሆናል።