የክረምቱን ትምህርት መጠየቅ ልመና አይደለም

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰኔ ሲጋመስ አብዛኞቹ ልጆች ትምህርት ቤት ሊዘጋ ነው ብለው ደስ ይላቸዋል። ሐምሌና ነሐሴ የእርሻና የጨዋታ፥ የጾመ ፍልሰታና የቡሄ ወራት ናቸው። በመስከረም የተመለሰው ተማሪ ጥቂት ረስቶ ቢገኝ በሁለትና በሦስት ሳምንት ያስታውሰዋል። በወልድያ፥ በመርሳና በሀብሩ ቀበሌያት ግን ክረምቱ ዕረፍት የማይሆንላቸው ልጆች አሉ። እነርሱም ማየት ወይም መስማት የተሳናቸው፥ የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ወይም ኦቲዝም ያለባቸው ልጆች ናቸው። የዛሬው ጽሑፌ ዓላማ የእነዚህ ልጆች ወላጆች የክረምት ትምህርትን በይፋ ሊጠይቁ እንደሚገባቸው፥ እኛም አብረናቸው ልንቆም እንደሚገባን ማሳሰብ ነው።

ነገሩን ከሥሩ እንመልከተው። ብሬይል የሚማር ልጅ የሚያነበው በጣቱ ነው፤ ጣት ደግሞ ነጥቦቹን ለይቶ የሚያውቀው በየዕለቱ ሲዳስሳቸው ነው። በቤቱ የብሬይል ወረቀት ከሌለ፥ በሰኔ ያነበበውን ገጽ በመስከረም ላያነበው ይችላል። መስማት የተሳናት ልጅ በትምህርት ቤት የምልክት ቋንቋ የሚያውቁ መምህርና ጓደኞች አሏት፤ በቤት ግን እናቷም አባቷም ቋንቋውን ስለማያውቁ ሁለቱን ወር ከማንም ጋር ሳትነጋገር ትከርማለች። የአእምሮ ዕድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ልብሱን መልበስን፥ መጸዳጃ ቤት መሄድን፥ እስከ አሥር መቁጠርን የለመደው መምህሩ አንዱን ነገር መቶ ጊዜ ስለ ደጋገመለት ነው። ድግግሞሹ ሲቆም ልማዱም ይፈርሳል፤ የፈረሰውን ለመጠገን የሚፈጀው ጊዜ የመጀመሪያውን ሴሚስተር ሊበላ ይችላል። እንዲህ ያለው ልጅ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ስለሚጀምር፥ ሰዎች «አይማርም» ይሉታል። ትምህርቱ የተቋረጠበት መሆኑን ግን ልብ የሚል የለም።

ስለ መርሳት ስናነሣ የቅዱስ ያሬድ ታሪክ ሊታወሰን ይገባል። በትውፊታችን እንደምንማረው፥ ያሬድ በሕፃንነቱ ትምህርት አልገባህ ብሎት ከመምህሩ ከአጎቱ ከጌዴዎን ቤት ወጥቶ ነበር። ዛፍ ላይ ለመውጣት እየወደቀች ደጋግማ የሞከረችውን ትል አይቶ ተመለሰ፤ መምህሩም መልሶ ተቀበለው። ይህን ታሪክ ስንተርክ ስለ ያሬድ ትዕግሥት እንናገራለን። የመምህሩ በር ተዘግቶ ቢቆየው ኖሮ ግን ትዕግሥቱ ብቻውን ምን ይጠቅመው ነበር? በየአብነት ትምህርት ቤቶቻችንም ዓይናቸው ሳያይ ዜማውንና ቅኔውን በቃል አጥንተው፥ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩ መምህራን እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። እነዚህን ሊቃውንት ያስገኘው ሳይቋረጥ የተደጋገመ ትምህርት ነው።

ጥያቄው በሌላውም ዓለም የተነሣ ነው። በአሜሪካ በፔንሲልቫኒያ ግዛት የሚኖሩ የአካል ጉዳተኛ ልጆች ወላጆች፥ ግዛቱ ትምህርትን በዓመት በ180 ቀናት መወሰኑ ልጆቻችንን ወደ ኋላ ይመልሳቸዋል ብለው ፍርድ ቤት ቀረቡ። ፍርድ ቤቱም በ1979 እ.ኤ.አ. ለሁሉም ልጅ አንድ ዓይነት የቀን ገደብ መጣል ሕጉን የሚጥስ መሆኑን ወሰነ። ከዚያ ወዲህ በዚያ አገር ወላጅና መምህር ተቀምጠው «ይህ ልጅ ትምህርቱ ሲቋረጥ ምን ያህል ያጣል? ያጣውንስ ለመመለስ ምን ያህል ጊዜ ይፈጅበታል?» ብለው ይመረምራሉ፤ መልሱ የሚያስፈልግ ሆኖ ሲገኝም በዕረፍቱ ወራት ትምህርት ይሰጠዋል። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቀላል ነው። ጥያቄውን ያጸናው ልጁ በዕረፍት ወቅት ያጣው ነገር በማስረጃ መቅረቡ ነው።

በእኛም አገር መሠረቱ አለ። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን ለአካልና ለአእምሮ ጉዳተኞች ድጋፍ እንደሚያደርግ ይደነግጋል። ኢትዮጵያ በአዋጅ ቁጥር 676/2002 የተባበሩት መንግሥታትን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አጽድቃለች። የስምምነቱ አንቀጽ 24 ለልጁ እንደየፍላጎቱ ድጋፍ እንዲደረግለት፥ ብሬይልና የምልክት ቋንቋም እንዲማር ያዛል። ሕገ መንግሥቱም ስምምነቱም ክረምትን ለይተው አይጠቅሱም፤ ነገር ግን ድጋፉ እንደ ልጁ ፍላጎት ይሁን ከተባለ፥ ፍላጎቱ በሰኔ 30 የማያልቅ መሆኑ ግልጽ ነው።

«በዚህ ዘመን ማን ይህን ይጠይቃል?» የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በወረርሽኙ ምክንያት ተዘጉ፤ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ሰሜን ወሎ ገባ፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ደግሞ በክልላችን በቀጠለው ግጭት ብዙ ልጆች ከትምህርት ገበታ ርቀዋል። በጀትም ጠባብ ነው። ነገር ግን ሌላው ልጅ ትምህርት ቤት ቢዘጋ ከታላቅ ወንድሙ ደብተር ያነባል፤ ብሬይል የሚማረው ልጅ ከማን ደብተር ያነባል? መቋረጡ በበዛ ቁጥር የእርሱ ጉዳት ከሌላው ይከፋል። የሚጠየቀውም ብዙ አይደለም፦ በሳምንት ሦስት ቀን የሚከፈት አንድ ክፍል፥ አንድ የልዩ ፍላጎት መምህር፥ ጥቂት የብሬይል ወረቀት፥ ለወላጆችም የምልክት ቋንቋ ትምህርት። በየዓመቱ የክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ሲታወጅ የማጠናከሪያ ትምህርት ይሰጣል፤ እነዚህ ልጆች ከዚያ ዕቅድ ውስጥ በስም ሊገቡ ይገባል።

ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለኦቲዝም ልጆች የሚሆን ቦታ ባጡ ጊዜ፥ በ2002 እ.ኤ.አ. በአዲስ አበባ የጆይ ማዕከልን መሥርተው ለብዙ ወላጆች ተስፋ ሆነዋል። ይሁን እንጂ በግራና ወይም በውርጌሳ ያለች እናት ልጇን በየዕለቱ አዲስ አበባ ልታደርሰው አትችልም። ለእርሷ መፍትሔው በአቅራቢያዋ ካለው ትምህርት ቤት መጀመር አለበት።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ በግንቦት ወር መምህሩን «ልጄ ዛሬ ምን ምን ይችላል?» ብላችሁ በጽሑፍ አስይዙ። በመስከረም ደግሞ ያንኑ ዝርዝር ይዛችሁ የቀረውንና የጠፋውን አመሳክሩ። ማመልከቻችሁን ለርእሰ መምህሩ አቅርቡ፤ ግልባጩን ለወረዳው ወይም ለከተማው የትምህርት ጽሕፈት ቤት አድርሱ። በመዝገብ ቤት ገቢ አስደርጉ፤ ቁጥሩንና ቀኑን ያዙ፤ ቅጂውንም በቤታችሁ አስቀምጡ። «አይቻልም» ከተባላችሁ ምክንያቱ በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ በትሕትና ጠይቁ። ከዚያ በላይ የዞኑ ትምህርት መምሪያ አለ፤ የሕዝብ እንባ ጠባቂና የሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አሉ። አንድ ወላጅ ብቻውን ከሚሄድ አምስት ወላጆች በአንድ ማመልከቻ ቢፈርሙ ይሻላል።

እኛስ? በዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 9 ደቀ መዛሙርቱ ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የማን እንደ ሆነ ጠየቁ፤ ጌታችንም የእርሱም የወላጆቹም እንዳልሆነ መለሰላቸው። መልሱ ከተሰጠ ሁለት ሺህ ዓመት ቢጠጋውም ጥያቄው ዛሬም በየመንደራችን ይጠየቃል፤ ስለዚህም እናት ልጇን ከጓዳ ትደብቃለች። ጸበል የምትወስደውን እናት አበረታቱ፤ ነገር ግን «ጸበሉ ይበቃዋል፥ ትምህርቱ ይቅር» አትበሏት። ጸበሉና ፊደሉ አይጣሉም። በማርቆስ ወንጌል ምዕራፍ 2 ሽባውን የተሸከሙት አራት ሰዎች መንገዱ በሕዝብ ቢዘጋባቸው ጣሪያ ነድለው አወረዱት፤ ጌታችንም የእነርሱን እምነት አየ። ዛሬ የእኛ ሸክም ማመልከቻ መጻፍ፥ ከማታነብ እናት ጋር ወደ ቢሮ መሄድ፥ ተራ ጠብቆ መቆም ነው። ከዩኒቨርሲቲ ለክረምት የምንመለስ ተማሪዎች ለዚህ ጊዜም ዕውቀትም አለን።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ትምህርት በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ብቻ እንዲሰጥ አልመክርም። ሀብሩ ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ተጎራብተው የሚኖሩበት ምድር ነው፤ የጎረቤታችን የሙስሊሙ ልጅም ያለ ሥጋት እንዲመጣ ክፍሉ በመንግሥት ትምህርት ቤት ይሁን፤ እኛ ወደዚያ ሄደን እናገልግል። ሁልጊዜም ሁለት አገልጋዮች አብረው ይሁኑ፤ መምህሩ ይምራ፤ እኛ እንርዳ።

በደጀ ሰላሙ ለተቀመጠው ነዳይ ሳንቲም መስጠት መልካም ነው። ዛሬ የሕፃኑ ትምህርት እንዳይቋረጥ ከእናቱ ጋር ብንቆም ግን፥ ነገ ከደጀ ሰላሙ የሚቀመጠው ሰው በአንድ ይቀንሳል። የዘንድሮው ክረምት ሳይገባ በየአጥቢያችን ያሉትን ወላጆች ፈልገን እንጠይቃቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።