ብርጭቆ ወረቀቱን ከማቀበላችሁ በፊት

ልጃችሁ የፑል መጫወቻ እንጨቱን ይዞ ብርጭቆ ወረቀት ሲፈልግ ብታዩ፣ «ሥራ ፈት!» ከማለታችሁ በፊት ምን እንደ ቸገረው ጠይቁት። «ጣቶቼ መካከል አልንሸራተት አለኝ» ይላችሁ ይሆናል። ይህ አብዛኛውን ጊዜ የላብና የጠመኔ ብናኝ ነው። በጥቂቱ በረጠበ ጨርቅ ጠርጎ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ይሸው። ውሃ ውስጥ ግን አይንከረው፤ እንጨት ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ይጣመማል።

የተፋቀ እንጨት ተመልሶ አይወፍርም። ጫፉ ድሮውንም ከ12 እስከ 13 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ በቀጠነ ቁጥር ሲመቱበት ይለምጣል፣ የለመደው እጅም ግራ ይጋባል።

መያዣው ካሟለጨው ከአሮጌ የብስክሌት ካላማዳሪ ቆርጦ ያልብሰው፤ ካልተስማማው ያወልቀዋል። ክብደቱ ካስቸገረው ደግሞ ብዙዎቹ እንጨቶች ከመያዣው ጫፍ ውስጥ የሚለወጥ ብሎን አላቸው። ኋላው ሲከብድ ፊቱ የቀለለ ይመስላል።

ሴት ልጃችሁም ይህን ብትጠይቅ አትገረሙ። አሜሪካዊቷ ጂን ባሉካስ ከ1972 እስከ 1978 እ.ኤ.አ. የአገሯን ክፍት የፑል ሻምፒዮና በተከታታይ 7 ጊዜ አሸንፋለች።

እንጨቱ የመጫወቻ ቤቱ ከሆነ ግን ባለቤቱን ሳያስፈቅድ ብሎኑንም አይንካ፤ ከተበላሸ ዋጋውን የምትከፍሉት እናንተ ናችሁ።