«ውሻ ድሮስ ይሸታል»

አንበሳሜ ላይ የበሬው ቁስል ከሸተተ ባለቤቱ ሳይውል ሳያድር እንስሳት ጤና ክሊኒክ ይነዳዋል። ውሻው ሲሸት ግን «ውሻ ድሮስ ይሸታል» ተብሎ ይታለፋል፤ ባስ ካለም ከግቢ ይባረራል። ሌሊቱን ሙሉ በጉን ከጅብ፣ ቤቱን ከሌባ ሲጠብቅ ላደረ እንስሳ ውለታው ይህ ነው!

ውሻ የራሱ ጠረን አለው፤ ዝናብ ሲመታውማ ይብሳል። እሱ በሽታ አይደለም። የሚያሳስበው ድንገት የተለወጠው ነው። አፉ ክፉኛ ከሸተተ አብዛኛውን ጊዜ የታመመው ድዱና ጥርሱ ነው። ትንፋሹ ሽንት ሽንት ካለ ኩላሊቱ ደክሞ ይሆናል። ፍራፍሬ የሚመስል ጣፋጭ ጠረን፣ ውሃ ማብዛትና መክሳት ሲታከልበት፣ ስኳር በሽታን ያስጠረጥራል። ጆሮው እየሸተተ ጭንቅላቱን የሚያራግፍ ከሆነ ችግሩ ጆሮው ውስጥ ነው። ቡችላ ደም የተቀላቀለበት፣ የሚከረፋ ተቅማጥ ከያዘው ግን ቀጠሮ የለም፤ ፓርቮ የሚባለው ቫይረስ በቀናት ውስጥ ይገድላል።

ደግሞ አጥንት ተቀርቅሮበት ይሆናል እያሉ አፉ ውስጥ እጅ መስደድ አለ። ለሀጩ የሚዝረበረብ፣ መንጋጋው የወረደ፣ መዋጥ ያቃተው ውሻ የእብድ ውሻ በሽታ ይዞት ሊሆን ይችላል፤ ምራቁ በትንሽ ጭረትም ይገባል። የነከሰው ወይም የቧጨረው ሰው ቁስሉን 15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥቦ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ መሄድ አለበት። ፀበሉም ከክትባቱ ጋር እንጂ በክትባቱ ፋንታ አይሁን።

«ክሊኒኩ የከብት ነው» የሚለው ሰበብም አያስኬድም። በሬ የሚያክም ባለሙያ የውሻ ጆሮ ማየት አያቅተውም፤ ውሻ አስሮ የሚመጣ ሰው ነው የጠፋው።