«አንተ ከአፍሪካ ነህ፣ ሙቀት ምን ያደርግሃል?»

የጠፋሁት ሥራ በዝቶብኝ ነው። የምታውቁኝ ታውቃላችሁ፣ ሥራዬ ማዝጋን መትከልና መጠገን ነው። ሰው ክረምቱን ሙሉ የረሳውን ማዝጋን ሻራቭ የገባ ቀን ይከፍተውና «አያቀዘቅዝም!» ብሎ ይደውላል። ያን ጊዜ እኔ የፔታሕ ቲክቫን ጣሪያ ለጣሪያ ስዞር እውላለሁ። ጣሪያ ላይ ደግሞ ዱድ ሼሜሽና የርግብ ላባ እንጂ ጥላ የሚባል ነገር የለም። እዚያ ሆኜ ሳብሰለስለው የከረምኩትን ነገር ነው ዛሬ የምጽፍላችሁ።

ነገሩ አንዲት አባባል ናት። ሁላችሁም ሰምታችኋታል። «እናንተ ከአፍሪካ ናችሁ፣ ሙቀት ለምዳችኋል።» አንዳንዱ በቀልድ ይላታል፣ አንዳንዱ አዝኖልን ሊያጽናናን፣ አንዳንዱ ደግሞ ጥላውን ለራሱ ይዞ ፀሐዩን ለኛ ሊተውልን ሲፈልግ። እኔም ለብዙ ዓመት ስሰማት ፈገግ እል ነበር። አሁን ግን አልስቅም። ለምን እንዳልስቅ ልንገራችሁ።

በ2024 የፋሲካ ሰሞን ነው። ሴዴሩ ሰኞ ማታ፣ አፕሪል 22 ነበር። በዚያው ሳምንት ሐሙስ፣ አፕሪል 25፣ ቴል አቪቭ ላይ 40.7 ዲግሪ ተለካ። ከ1939 ጀምሮ በተያዘው መዝገብ ውስጥ በአፕሪል ወር እንዲህ ያለ ሙቀት አልነበረም። አፕሪል ነው እንግዲህ፣ ኦገስት አይደለም! እኛ ፔታሕ ቲክቫ ያለን ሰዎች ደግሞ ከባሕሩ አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ገባ ስለምንል የባሕሩ ነፋስ ደክሞት ነው የሚደርሰን።

የእናቴ ወንድም፣ አጎቴ፣ ያን ቀን ሥራ ላይ ነበሩ። ዕድሜያቸው ከስድሳ አልፏል። ሕንፃ የሚሠራበት ግቢ በር ላይ ሽሚራ ይሠራሉ። ዳሷ ቆርቆሮ ናት፤ ማዝጋን የላትም (የማዝጋን ሠራተኛ አጎት ሆነው!)። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ገደማ አንዲት አሮጊት በጋሪ ወንበር የምትገፋ ፊሊፒናዊት አስታማሚ በዚያ ስታልፍ አጎቴን መሬት ላይ ተቀምጠው አገኘቻቸው። ፊታቸው ደርቋል፣ ላብ የሚባል የለም፣ የሚናገሩት አይያያዝም። ልጅቱ ብልህ ናት፣ ወዲያው 101 ደወለች። ማገን ዳቪድ አዶም መጥቶ ወሰዳቸው። ሐኪሙ ኋላ እንዳለን ትንሽ ቢቆዩ ኖሮ ሌላ ነገር ነበር የምናወራው።

ለአለቃቸው እኔ ነኝ የደወልኩት። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም፣ በእውነት ደነገጠ። ነገር ግን ከአፉ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ምን መሰላችሁ? «እንዴት ሆኖ? እሱ እኮ ከኢትዮጵያ ነው!»

እስቲ አገራችን ሞቃት ነበረች ወይ? ጎንደር ከተማ ከባሕር ወለል በላይ 2,000 ሜትር አልፋ ነው የተቀመጠችው። አምቦበርም ወለቃም ደጋ ናቸው። የስሜን ተራራ ላይማ ውርጭ አለ። አባቶቻችን ጋቢ ለብሰው፣ እሳት ዳር ተቀምጠው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ቆላ መውረድ ለኛ ሰው የሚፈራ ነገር ነበር። ወደ መተማ ወይም ወደ ሑመራ የሚወርድ ሰው ተመርቆ ነው የሚሄደው፣ ንዳድ አለ፣ ሐሩር አለ። የወረደም ሰው ሲነጋጋ ተነሥቶ፣ ፀሐይ ስትበረታ ዛፍ ሥር አርፎ፣ ሲመሽ ይቀጥላል እንጂ በቀትር አይሄድም።

እናቴ በሜይ 1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስትመጣ እኔን የሦስት ዓመት ልጅ አዝላ ነበር። በ36 ሰዓት ውስጥ ከ14,000 ሰው በላይ ነው ያን ጊዜ የመጣው። ስለዚያ ቀን ስትጠየቅ መጀመሪያ የምትናገረው ስለ ደስታው አይደለም። አውሮፕላኑ ደረጃ ላይ ስትወጣ ፊቷን የመታት አየር ነው። «የምጣድ ክዳን የከፈትኩ መሰለኝ» ትላለች። ሙቀት የለመደ ሰው እንዲህ አይልም።

አጎቴ ግን ከሷ በፊት ነው የመጡት፣ በሱዳን በኩል፣ በእግር፣ በ1984። የዚያን መንገድ ነገር እኔ ለእናንተ አልነግራችሁም፣ በየቤታችሁ አለ። ወደ 4,000 የሚጠጋ ወገናችን በመንገዱና በነኡም ራኩባ ሰፈር ቀርቷል። በሽታው፣ ረኃቡ፣ ሽፍታው ሁሉ አለበት፣ ግን ጥማቱና ሐሩሩም ገድሏል። ከደጋ የወረደ ሰው ነው በዚያ በረሃ የወደቀው። ታዲያ ይህን ሁሉ የምታውቅ ማኅበረሰብ «ሙቀት ለምዳችኋል» ስትባል እንዴት ዝም ትላለች? ሙቀትማ እናውቀዋለን፣ የምናውቀው ግን በቀብር ነው።

አሁን ወደኛ ወደ ራሳችን ልምጣ፣ ምክንያቱም ጥፋቱ ሁሉ የአለቃ አይደለም። ሆስፒታል አልጋቸው አጠገብ ቁጭ ብዬ «አጎቴ፣ ውሃ ለምን አልጠየቁም? ትንሽ ጥላ ልያዝ ለምን አላሉም?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «ምን ይሉኛል ብዬ ነዋ» አሉኝ። «ሽማግሌ ነው፣ ሥራውን አይችልም ይሉኝና ያባርሩኛል።» ይሉኝታ! ሱዳንን ተሻግረው የመጡ ሰው ፔታሕ ቲክቫ በር ላይ በይሉኝታ ሊሞቱ።

ወታደር የነበርን ሰዎች ይህን ነገር ከሌላው የበለጠ ልንናገር ይገባናል እላለሁ። ጢሮኑት ላይ፣ አሥራ ስምንት ዓመት ሆኖን፣ እንደ ፈረስ ጤነኞች ሳለን፣ ያለ ሙቀት ልኬት ሩጫ አልነበረም። ሖቬሹ መሣሪያውን ይዞ ይወጣና «ዖሜስ ሖም» ይለካል። ነገሩ ቀላል ነው፣ እኔም ኋላ በሙያ ትምህርት ቤት ማዝጋን ስማር ምስጢሩ ገባኝ። አንድ ቴርሞሜትር ደረቁን ይለካል፣ ሌላው ጫፉ በረጠበ ጨርቅ ተጠቅልሎ እርጥቡን ይለካል፣ ሁለቱን ደምረህ ለሁለት ታካፍላለህ። ደረቁ 40፣ እርጥቡ 20 ቢሆን 30 ይመጣል። ከ28 ካለፈ ከባድ ነው፣ የሰው ልጅ በላቡ ራሱን ማቀዝቀዝ ያቅተዋል። ሚፋኬዱ የፈለገውን ያህል ቢጮህ ልኬቱ ካለፈ ሩጫው ይቀራል። ውሃም በትእዛዝ ነው የምንጠጣው፣ ጠማህ አልጠማህ ማንም አይጠይቅህም።

ይህ ሕግ ደግሞ ዝም ብሎ ከሰማይ አልወረደም። በድሮው ዘመን ሠራዊቱ ራሱ ወታደር ጥማትን ይልመድ እያለ ውሃ ይቆጥብበት ነበር። ኋላ ሐኪሞች፣ ከነሱም አንዱ ዶክተር ዕዝራ ዞሃር፣ ሰውነት ጥማትን የሚለምድ ነገር አለመሆኑን በሥራ አሳዩ። ሠራዊቱም ሐሳቡን ቀየረ። የእሥራኤል ሠራዊት «ተሳስቻለሁ» ብሎ ውሃ ጠጡ ካለ፣ አንድ የሽሚራ አለቃ ምን ይከለክለዋል? እኔ በሠራሁባቸው ግቢዎች ሁሉ ኮፍያና ጫማ የሚቆጣጠር አይቻለሁ፣ ሙቀት የሚለካ ግን አንድም ቀን አላየሁም። ለአሥራ ስምንት ዓመት ጎረምሳ የተሠራው ጥንቃቄ ለስድሳ ዓመት ሽማግሌ ሲሆን የት ይገባል?

ፀደይ ደግሞ አታላይ ነው። በጁላይ ሁሉም ሰው ተዘጋጅቷል፣ ሰውነትም ትንሽ ለምዷል። በፀደይ ግን ትናንት ሹራብ ለብሰህ ነበር። በሰሜን አፍሪካ ጠረፍ በኩል ዝቅተኛ የአየር ግፊት ይመጣና የበረሃውን ደረቅ አየርና አቧራ ከፊቱ ይጎትታል። ሰማዩ ቢጫ ይሆናል፣ የታጠበ ልብስ አቧራ ለብሶ ይገባል፣ የልጆቹ መንሸራተቻ እጅ ያቃጥላል። ፋሲካ ካለፈ በኋላ ከሆነ የእናቴ ሊጥ በአንድ ሌሊት ይኮመጥጣል። ግቢው ውስጥ ዛፍ ሥር ለቡና የሚሰበሰቡት እናቶች አይወጡም፤ የወጡም እንደሆነ አግዳሚው ላይ መቀመጥ አይቻልም። ከዚያ በድንገት የባሕሩ ነፋስ ይመጣና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከአሥር ዲግሪ በላይ ይወርዳል፣ ሰው ሁሉ ያስነጥሳል። ዐረቦቹ ሐምሲን ይሉታል፣ ኀምሳ ማለት ነው። እኛ ዖሜርን የምንቆጥርበት ሰሞን መሆኑ ይገርመኛል።

ሙቀት ብቻም አይደለም። አፕሪል 26 ቀን 2018 በናሐል ጻፊት ደራሽ ውሃ ወደ ሠራዊት ሊገቡ ይዘጋጁ ከነበሩት ልጆች አሥሩን ወሰደ። ጎንደሬ ይህን ያውቃል፤ ዝናቡ ሌላ ቦታ ዘንቦ ጎርፉ አንተ ጋ ይመጣል። ልጅህ በፀደይ ለጉዞ ሲወጣ የት እንደሚሄድ ጠይቅ።

አንዳንድ አባቶች «ሙቀቱንም የሚያመጣ እግዚአብሔር ነው፣ መታገሥ ነው» ይሉኛል። እውነት ነው፣ እሱ ነው የሚያመጣው። ግን መጽሐፉ ምን ይላል? በሁለተኛው መጽሐፈ ነገሥት የሱነማዊቷ ሴት ልጅ በመከር ቀን ወደ አባቱ እርሻ ይወጣል፣ ራሱን ያመዋል፣ እናቱ ጉልበት ላይ እስከ ቀትር ተቀምጦ ይሞታል። መከር፣ ቀትር፣ ራስ ምታት... ወገኖቼ፣ ይህ ሖቬሽ ያስተማረን በሽታ ነው! እናቱ ታዲያ «መታገሥ ነው» ብላ ቁጭ አለች? አህያ አስጭና ወደ ነቢዩ ኤልሳዕ ገሠገሠች እንጂ። በዮም ኪፑር የምንሰማው ዮናስም እንደዚሁ ነው። የምሥራቁ ነፋስ ሲነፍስበትና ፀሐይ ራሱን ስትመታው ተዝለፈለፈ። ነቢይ ሆኖ ተዝለፈለፈ! ከዚያ በፊት ደግሞ እግዚአብሔር ራሱ ቅል አብቅሎ ጥላ ሠርቶለት ነበር። ጥላ ከፈጣሪ የመጣ ነገር ነው፣ መጠየቁ ነውር የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

እናቴ ግን በዚህ ነገር ከኔ ጋር አልተስማማችም ነበር። በኢያር 28 ሱዳን ላይ የቀሩትን ለማሰብ ወደ ሄርጽል ተራራ ስንሄድ አጠገቧ ቆሜ ጃንጥላ እይዝላታለሁ። ጃንጥላውን ትቀበላለች፣ ውሃውን እምቢ ትላለች። አንድ ዓመት ፀሐዩ በጣም በረታና ተቆጣኋት። «እነሱ ውሃ ውሃ እያሉ ሞቱ፣ እኔ እዚህ ቆሜ በፊታቸው ልጠጣ?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። አጠገባችን የነበሩ አንድ ቄስ ሰምተዋት ኖሮ ዞር አሉና «እቴ፣ ፍቅረኞችሽ ናቸው እኮ፣ ስትጠጪ ቢያዩ ደስ ይላቸዋል። ባርኪና ጠጪ» አሏት። ባርካ ጠጣች። ግማሹን አጠገቧ ለቆመችው ሴትዮ ሰጠቻት። እኔ አንድ ሰዓት ብከራከር የማላመጣውን ነው ቄሱ በአንድ ቃል ያመጡት፣ ስለዚህ ቄሶቻችንን የምለምነው ይህንን ነው፦ ፋሲካ ላይ ስለ ጤዛ ሲጸለይ፣ በዚያው ስለ ውሃና ስለ ጥላም ለሽማግሌዎቹ ይንገሩልን። ከናንተ ሲሰሙት ይሉኝታው ይቀላል።

መንግሥት እንኳ አላፈረም። በሜይ 2020፣ በኮሮና ጊዜ፣ ሻራቩ ሲጠና ማስክ ለጥቂት ቀን አውልቁ ተብሏል። በ2025 አፕሪል 30 በነፋሱና በሙቀቱ የኢየሩሳሌም ዙሪያ ደን ሲቃጠል፣ ሰው መኪናውን መንገድ ቁጥር 1 ላይ ጥሎ ሲሸሽ፣ የነጻነት ቀን ችቦ የሚለኮስበት ሥነ ሥርዓት ተሰርዞ የልምምዱ ቅጂ ነው በቴሌቪዥን የታየው። ማንም «ይህ አገር ደካማ ነው» አላለም። ስለዚህ አጎቴ «ዛሬ በር ላይ አልቆምም፣ ውስጥ ሆኜ ልጠብቅ» ቢሉ ደካማ አይሆኑም።

ወጣቶች፣ ይህ የኛ ሥራ ነው። ወላጆቻችን ዕብራይስጡ ስለሚከብዳቸውና ስለሚያፍሩ አይጠይቁም። እኛ ሠራዊት ገብተን መጮኽ ተምረናል። አባትህ ኒካዮን ወይም ሽሚራ የሚሠራ ከሆነ ሥራ ቦታው ድረስ ሂድና ዳሱን እየው፣ ውሃው የት እንዳለ እይ፣ አለቃውን በስሙ ጠርተህ በአክብሮት አናግረው። እኔ ከአጎቴ አለቃ ጋር ቡና ጠጥቼ ጎንደር ምን ያህል ከፍ ያለች እንደሆነች ነገርኩት። ሔርሞንን ያውቃል፣ ከዚያ ጋር አወዳደርኩለት፣ ገረመው። ለዳሷም ከሥራ የተረፈች አሮጌ ማዝጋን በነጻ ልግጠም ብዬ ፈቃድ ጠየቅሁት። ኤሌክትሪኩ አይችልም አለኝ። አይቼዋለሁ፣ እውነቱን ነው፣ አይችልም።

በመጨረሻ ሻራቭ ሲታወጅ አጎቴ የሌሊቱን ፈረቃ እንዲይዙ ተስማማን። የቀኑን አንድ ወጣት ልጅ ይይዛል፣ እሱም ውሃ እንዲጠጣ ነግሬዋለሁ። አጎቴ እንቅልፍ ቢያጡም አላማረሩም። ባለፈው ማታ ሻይ ይዤላቸው ስሄድ በሩ ላይ ጋቢያቸውን ደርበው ተቀምጠዋል። «እንደ ሱዳኑ መንገድ ሆነ» አሉኝ፤ «ቀን ተደብቀን፣ ሌሊት ሌሊት።»

ሰንበት ሰላም ይሁንላችሁ።