ድመቶቹን በጆንያ ከማስጫናችን በፊት



ሰሞኑን በዶርሞቻችን ስለ ድመት የማይወራበት ቀን የለም። በአንዱ ብሎክ ድመቶቹ ተይዘው ከከተማ ውጪ እንዲጣሉ ፊርማ እየተሰበሰበ ነው። በሌላው ብሎክ ደግሞ ከካፌው ኋላ የአይጥ መርዝ በምግብ ተለውሶ ይቀመጥ የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ባለፈው ሴሚስተር እናቶቻቸው በጆንያ ተጭነው ሲወሰዱ ከደረጃ ሥር የቀሩት ትንንሾቹ ሌሊቱን ሙሉ ሲጮኹ የሰማን ብዙዎች ነን። ፊርማው የሁላችንንም በር ማንኳኳቱ አይቀርም። ስለዚህ እኛ ሙስሊም ተማሪዎች ምን እንደምንል ከወዲሁ ብንመካከር ይሻላል።

አቋማችን አጭር ነው፤ ማስጣሉን አንፈርምም፣ መርዙንም እንቃወማለን። ነገር ግን "አንፈርምም" ብሎ መቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ቅሬታው እውነተኛ ነው፤ መፍትሔ ይዘን መቅረብ አለብን።

በመድረሳ ያለፍን ሁሉ የምናውቀው፣ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሐዲስ አለ። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) በድመት ምክንያት ስለተቀጣች ሴት ነግረውናል። ሴትየዋ ድመቷን ዘጋችባት፤ አላበላቻትም፣ ወጥታ ከምድር ያገኘችውን እንድትበላም አልለቀቀቻትም፤ ድመቷም ሞተች። ልብ በሉ፣ በዱላ ስለመምታት የተነገረ ነገር የለም። ጥፋቱ የመኖሪያ መንገዷን ሁሉ መዝጋት ነው። "እኛ እኮ አንዘጋባቸውም፣ ሜዳ ላይ ነው የምንለቃቸው" የሚል ወንድም ይኖራል። ከካፌ ትርፍራፊ ሌላ የማታውቅን ድመት ምንም በሌለበት ሜዳ ላይ መጣል መልቀቅ ነው ወይ? ዓይናቸውን ገና ያልገለጡት ልጆቿስ? እነሱ ላይ የዘጋነው በር አይደለም ወይ? አቡ ዳውድ በዘገቡት ሌላ ሐዲስ ጫጩቶቿ የተወሰዱባት ወፍ ክንፏን እያርገበገበች ስትዞር ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) አይተው፣ ማን እንዳስጨነቃት ጠይቀው ጫጩቶቹ እንዲመለሱላት አዘዋል። ለወፍ እናትነት ይህን ያህል ቦታ የሰጠ ዲን ተከታዮች ነን።

"ድመት ነጃሳ ነች፣ ውዱእ ታበላሻለች" የሚለውም መልስ አለው። ሶሐባው አቡ ቀታዳ ውዱእ ሊያደርጉ በቀረበላቸው ውሃ ድመት መጥታ ብትጠጣ ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ በመገረም ስትመለከታቸው፣ ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በመካከላችን ከሚዞሩት እንደምትቆጠር ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ጠቅሰው ነገሯት። ሻፊዒዮች ድመት የጠጣችበትን ውሃ ንጹሕ ይሉታል። ሐነፊዮች ሌላ ውሃ እያለ በእሱ መጠቀምን ይጠሉታል እንጂ ነጃሳ አላሉትም።

እዚህ ላይ አንድ ማሳሰቢያ አለን። ድመትን መውደድ ከኢማን ነው የሚለውን በሐዲስ ስም በቴሌግራም የምትለዋወጡ እህቶችና ወንድሞች፣ የሐዲስ ዑለሞች የተፈጠረ ነው ብለውታልና ተዉት። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተኛች ድመት እንዳይቀሰቅሱ የልብሳቸውን እጅጌ ቆረጡ የሚለው ታሪክም በታወቁት የሐዲስ ኪታቦች ውስጥ የለም። ለድመት ለመከራከር ያልተባለ ነገር አያስፈልገንም፤ የተባለው ይበቃናል።

አሁን ወደ ቅሬታው እንምጣ። የድመት ሽንትና ዓይነ ምድር ነጃሳ ነው፤ መስገጃ ላይ ከተገኘ ቦታው መታጠብ አለበት። አስም ያለበት ተማሪ ከድመት ጠጉር ጋር በአንድ ክፍል እንዲያድር ማንም ሊያስገድደው አይችልም። የእብድ ውሻ በሽታ ስሙ የውሻ ቢሆንም ድመትም ታስተላልፈዋለች፤ ምልክቱ ከታየ በኋላ ደግሞ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ስለዚህ ድመት የነከሰችው ወይም የቧጨረችው ተማሪ ቁስሉን በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ይጠብ፤ በዚያው ቀንም ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። "ትንሽ ጭረት ናት" ብሎ መተው አያዋጣም። የሰው ሐቅ አለ፣ የእንስሳም ሐቅ አለ፤ አንዱን ለመጠበቅ ሌላውን መርገጥ ግን አያስፈልግም።

ማስጣሉ የማይሠራበት ምክንያትም ቀላል ነው። ምህንድስና የሚማር ሰው ውሃ በሞላበት ክፍል መጀመሪያ የሚፈልገው መወልወያ ሳይሆን ውሃው የሚገባበትን ቀዳዳ ነው። ድመቶቹ ለምን እኛ ጋ በዙ? ከካፌው ኋላ ያሉት በርሜሎች ክዳን የላቸውም። ከመስኮት የሚወረወረው ዳቦና ሩዝ ብሎኮቹ ሥር ይከማቻል። ቀን ጦጣውና ቁራው፣ ማታ ድመቱና አይጡ፣ ሌሊት ደግሞ እስከ አጥሩ ድረስ የሚመጣው ጅብ፣ ሁሉም የሚበሉት ከአንድ ማዕድ ነው። ማዕዱ ሳይነሳ እንግዳውን ብናባርር ሌላ እንግዳ ይመጣል። አሥር ድመት ዛሬ ብናስጭን፣ ምግቡ እስካለ ድረስ ቦታውን ከሰፈሩ የሚመጡ ሌሎች ድመቶች ይይዙታል፤ እስኪመጡ ድረስ ደግሞ አይጡ ይፈነጫል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉታል ይህ ነው።

መርዙ ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው። አይጥን መግደል በሸሪዓ የተፈቀደ መሆኑን እናውቃለን፤ ክርክራችን እሱ ላይ አይደለም። መርዝ ግን መርጦ አይገድልም። ብዙው የአይጥ መርዝ ደም እንዳይረጋ በማድረግ በቀናት ውስጥ ነው የሚገድለው። በእነዚያ ቀናት አይጡ ፈዝዞ ሜዳ ላይ ይንገላወዳል፤ ጉጉት፣ ጭልፊት ወይም ድመት በቀላሉ ይይዙታል፤ መርዙም ወደ እነሱ ያልፋል። በምግብ ተለውሶ ሜዳ ላይ የተቀመጠው ደግሞ ያገኘውን ሁሉ ይገድላል፤ የሞተውን ጥንብ አንሳ ይበላዋል። በየቄራውና በየቆሻሻ መጣያው የምናያት ፊቷ ሮዝ መሰል፣ ትንሿ ቡናማ ጥንብ አንሳ ከ2015 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በዓለም ደረጃ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት ዝርያዎች ተመድባለች፤ ከምክንያቶቹ ዋነኛው መርዝ ነው። ጥንብ አንሳ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ሕንድ አይታለች። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ለከብት ይሰጥ የነበረ ዳይክሎፌናክ የተባለ መድኃኒት በድኑን የበሉትን ጥንብ አንሶች ፈጃቸው፤ ከዋናዎቹ ዝርያዎች ከመቶ ከዘጠና በላይ አለቁ። በድኑ ሜዳ ላይ ቀረ፣ ባለቤት አልባ ውሾች ተራቡ፣ ከውሻ ጋር የሚመጣው አደጋም ጨመረ።

ከዱር እንስሳ ጋር አብሮ መኖር ከውጭ የመጣ ቅንጦት የሚመስለው ካለ ሐረርን ይመልከት። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ባስገነቡት የጀጎል ግንብ ሥር ጅቦች በሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ጅቡ ይገባል፣ የወደቀውን አጥንትና ቆሻሻ ያነሳል፣ ሳይነጋ ይወጣል። በዓሹራ ሌሊት ለጅብ ገንፎ በቅቤ የማቅረብ ልማድም አላቸው። የሐረር ልማድ የሸሪዓ ማስረጃ ነው እያልን አይደለም። ሰው በተጨናነቀበት ከተማ ውስጥ እንኳ ለእንስሳ ሰዓትና መንገድ ለይቶ በሰላም መኖር እንደሚቻል ግን ያሳያል። እኛም ለግቢያችን የሚያስፈልገን ይኸው ነው፤ ሰዓት፣ ቦታና ሥርዓት።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ ይህ ነው።

አንደኛ፣ በርሜሎቹ ክዳን ይኑራቸው። ወርክሾፕ ገብተን ብረት የምንበይድ ተማሪዎች ነን፤ ቆርቆሮና ማጠፊያ ከተፈቀደልን ክዳኑን ራሳችን እንሠራዋለን። ከመስኮት ምግብ መወርወርም ይቁም፤ ሪዝቅን መጣል በራሱ ነውር ነው።

ሁለተኛ፣ ከዶርሞቹ ራቅ ያለ አንድ የመመገቢያ ቦታ ይኑር። ከመግሪብ በኋላ ተረኛ ተማሪ ትርፍራፊና ውሃ ያቅርብ፣ የቀረውን ያንሳ። በረመዳን የሱሑርና የኢፍጣር ትርፍም እዚያው ይሂድ። መጠኑ ግን ይወሰን፤ ድመት አዳኝ ናት፣ ከልክ በላይ ስናበዛቸው የዛፎቻችንን ወፎች ይጨርሷቸዋል። ለጦጣ ግን ከነጭራሹ አንስጥ፤ የለመደ ጦጣ መንጠቅ ይጀምራልና።

ሦስተኛ፣ የመስገጃው ቦታና የመኝታ ክፍሎች በር ይዘጋ። በር መዝጋት ጭካኔ አይደለም። የክፍል ጓደኞቹ ሁሉ ሳይስማሙም ማንም ድመት አያሳድር።

አራተኛ፣ ከእንስሳት ሐኪም ጋር ተነጋግረን የእብድ ውሻ ክትባት እናስጀምር፤ ከሻይ ወጪያችን ቀንሰን ሶደቃ ብናዋጣ ከባድ አይሆንም። እንዳይራቡ ስለማምከን ዑለሞች የተለያየ አቋም አላቸው፤ ጥቅም ካለው የፈቀዱ አሉ፣ የከለከሉም አሉ። ይህን ኡስታዞቻችንን ጠይቀን በእነሱ መልስ እንሠራለን።

ይህ ጉዳይ የኛ ብቻ አይደለም። ድመቶቹን በየቀኑ ከእንጀራቸው ቆርሰው የሚያበሉ ክርስቲያን ጓደኞቻችን ብዙ ናቸው፤ የጽዳት ሠራተኞቹና ፕሮክተሮቹም ስለ በርሜሉ ከኛ በላይ ያውቃሉ። አብረን ካልሠራነው አይሳካም።

ለተማሪዎች አገልግሎት የሚገባው ደብዳቤ ረቂቁ ተዘጋጅቷል። የፊታችን ጁሙዓ ከሶላት በኋላ በተለመደው ቦታ ይነበባል፤ ሐሳብ ያለው ያክል፣ የማይስማማም መጥቶ ይከራከረን። ለክዳኑ ሥራና ለመመገቢያው ተራ ስማችሁን አስመዝግቡ። ድመቶቹ ስለራሳቸው ማመልከቻ አይጽፉም፤ አላህ ግን ስለነሱ ይጠይቀናል።

ወቢላሂ ተውፊቅ። ወሰላሙ ዓለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።